ሽጉጥ ራቁቱን ይገባል

የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያላት ብረት ስንት ሰው ታዋርዳለች? ለጊዜው መልሱ አይታወቅም። የሚታወቀው ብረቷ መጀመሪያ የታየችበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሞረድ የሚሉት የመሣሪያ ጠጋኝ ሞርሳው ላይ አጎንብሶ ሳለ፣ የወንድሙ ልጅ በጨርቅ የጠቀለለችውን ነገር አፍንጫው ሥር አስቀመጠችለት።

ሞረድ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ “ብረት ከእጁ ይልቅ በምላሱ ያልቃል” ይሉታል።

ጨርቁን በሁለት ጣቱ ገለጠ። ግንባሩ ላይ የነበረውን መነጽር አወረደ። አየ። መነጽሩን መልሶ ሰቀለ።

“ማንኪያ ነው?”

“መግፊያ ነው። ለአባዬ ሽጉጥ።”

“ወንድም ጋሼ በሽጉጡ ሾርባ ሊጠጣበት ነው?”

ሽጉጡ አባትየውና ሌሎቹ የመጋዘን ጠባቂዎች የሚይዙት ሪቮልቨር ነው፤ ስድስት ጥይት የሚጎርስ መዘውር ያለው። በግራ ጎኑ ጥፍር የምታክል መግፊያ አለችው። በአውራ ጣት ወደ አፈሙዙ ሲገፏት መዘውሩ ወደ ጎን ይወጣል፣ ቀለሃው ይራገፋል፣ አዲስ ጥይት ይገባል። ሥራዋ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳታስቸግር ስትሠራ ኖራለች። ግን አንዳንድ ሰው ትንሽ ነገር በሰላም ስትኖር ማየት አይወድም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ወጣቶቹ ጠባቂዎች ትልልቅ መግፊያ፣ ትልልቅ መምቻ፣ ትልልቅ ብሎን ሳይቀር ከውጭ እያስመጡ መግጠም ጀምረዋል። ከመሀላቸው ፋሽን የሚባለው ሽጉጡ ላይ ያልተቀጠለ ነገር የለም። ሞረድ ባየው ቁጥር “ይሄ ጥንቸል መቼ ነው የሚወልደው?” እያለ ይጠይቀዋል።

“አንቺን እንኳ ከነሱ አልቆጥርሽም ነበር፣ ዶክተር” አላት አሁን።

“ዶክተር አይደለሁም አጎቴ፣ ኢንጂነር ነኝ።”

“ያው ነው። ሁለታችሁም ያልታመመውን ነው የምትከፍቱት።”

እሷ ግን የታመመ ነገር አይታለች። የአባቷ የቀኝ አውራ ጣት በቁርጥማት ደርቋል፤ ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ስታየው ዓይኗን ትመልሳለች። አባቷ በዚያ መጋዘን ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቋል። ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጠባቂ ሁሉ በየዓመቱ ይፈተናል፤ ፊሽካ ሲነፋ ሽጉጡን ከአፎቱ መዞ ስድስት ይተኩሳል፣ መዘውሩን ከፍቶ ስድስት ይሞላል፣ እንደገና ስድስት ይተኩሳል። ይህ ሁሉ በአርባ ሰከንድ። የወደቀ ሽጉጡን ያስረክብና ዱላ ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፣ መኪና ሲመጣ ሰንሰለት ያወርዳል። ድጋሚ ፈተና በኃላፊው በጎ ፈቃድ ነው፤ በጎ ፈቃዱን ደግሞ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነው።

ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ ስትማር አባቷ ምን እንደሚያደርግ አስባ አታውቅም ነበር። ከተመለሰች አራት ወሯ ነው። ሻንጣዋን እስካሁን አላራገፈችም፤ ልብሷን ከሻንጣው አውጥታ ትለብሳለች፣ አጥባ መልሳ እዚያው ትከታለች። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን አትጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ፈልጋለች። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ የመጣችው ትምህርት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው እንዲጠቅም።

ሞረድ መግፊያዋን በጣቱ አገላበጣት። አሠራሯ ንጹሕ ነበር፤ ይህን አልካደም። ያልካደውን ግን በአፉ አላወጣም።

“ሽጉጡ ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲረግጥ ይሄ ጠርዝ ጣቱን ይላጭለታል።”

“ጠርዙን አዙሬዋለሁ። ዳስሰው።”

“ቀለሃው ሲራገፍ ይጋጨዋል።”

“አርባ ጊዜ አራግፌ አይቻለሁ። አንድም አልነካው።”

“አንቺ ሁሉን አይተሻል ማለት ነው።”

“ያላየሁት ካለ ንገረኛ።”

እዚህ ላይ ሞረድ ወደ ሞርሳው ዞረ። የዞረው ስላመነ አልነበረም፤ እሱም ስላላወቀ ነው።

የሱቁን ደንብ መናገር ያስፈልጋል። በሩ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ትልቅ ምስማር አለ። ደንበኛ ሁሉ ቀበቶውንና አፎቱን እዚያ ሰቅሎ፣ ጥይቱን አውጥቶ፣ መዘውሩን ከፍቶ፣ ሽጉጡን በመዳፉ ላይ አጋድሞ ነው የሚገባው። ሞረድ ይህን “ሽጉጥ ራቁቱን ይገባል” ይለዋል። ምክንያቱ ጣሪያው ላይ አለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንዱ ሽጉጡን ከነአፎቱ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል የተኮሰው ጥይት በቆርቆሮው በኩል ወጥቷል። ቀዳዳው እስካሁን አልተደፈነም፤ ሲዘንብ ሞርሳው አጠገብ ጣሳ ይቀመጣል። ሞረድ ቀዳዳውን የማይደፍነው ለማስተማሪያ ነው፤ ደግሞም ስንፍና ነው።

ፈተና ሲደርስ የጠባቂዎቹ ሽጉጦች ሁሉ በሣጥን ተጭነው ለጥገና ወደ ሞረድ ይመጣሉ፣ በሣጥን ተጭነው በቀጥታ ወደ ተኩሱ ሜዳ ይሄዳሉ። አፎቶቹ ከባለቤቶቻቸው ወገብ አይወርዱም። እንግዲህ በዚህ ሱቅ ውስጥ ሽጉጥና አፎት ከተገናኙ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ሐሙስ ከሰዓት አባትየው ከፈረቃው ወጥቶ መጣ። ቀበቶውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። የወንድሙን ደንብ እንደ ወታደር ነው የሚያከብረው። ልጁ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ሳበችለት፣ ስልኳን አውጥታ ሰዓት መቁጠሪያውን ከፈተች፣ ባሩድ የሌላቸውን የመለማመጃ ጥይቶች ደረደረችለት።

“መጀመሪያ በድሮው መግፊያ አባዬ። ልጀምር?”

“ጀምሪ የኔ እናት።”

አባትየው ከሣጥኑ የወጣለትን ሽጉጡን በቀኝ መዳፉ ያዘና ግራ እጁን ወደ መግፊያው አመጣ።

“አይ፣ አይ፣ አባዬ! በቀኝህ። መመሪያው ላይ እንዳለው፣ በአውራ ጣትህ።”

አየት አደረጋት። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ጭኑ መለሰና የደረቀውን አውራ ጣት ገፋ። አንድ ጊዜ ሸተት አለበት፣ ሁለት ጊዜ ሸተት አለበት። ከፍቶ እስኪሞላ አሥራ አራት ሰከንድ። ልጁ ከንፈሯን ነከሰች። ሞረድ ሞርሳው ላይ ሆኖ ሲያፏጭ የነበረውን አቆመ።

ከዚያ አዲሷን ገጠመችለት። ያው የደረቀ ጣት ተጫናት፣ መዘውሩ ቀጭ ብሎ ወጣ። ስምንት ሰከንድ።

“አየኸው አጎቴ? ስድስት ሰከንድ! በአርባ ሰከንድ ውስጥ ስድስት ሰከንድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?”

“በተቀመጠበት ሁሉም ጀግና ነው” አለ ሞረድ።

“ቅናት ነው ይሄ።”

“ቅናት? እኔ በማንኪያ?” ወደ ወንድሙ ዞረ። “ወንድም ጋሼ፣ እስቲ አንተ ተናገር። ትፈልገዋለህ ይሄን ነገር?”

አባትየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ልጁን አየ። እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ የብረት ብናኝ ለብሷል። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላያትም።

“ጥሩ ነው” አለ። “ልጄ የሠራችው ነው። ጥሩ ነው።”

ሞረድ ሽጉጡን ተቀበለና ከነማንኪያው ሣጥኑ ውስጥ አስገባው። ትንሿን የድሮ መግፊያ ግን ሊጥላት ሲል አሰበና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።

ሰኞ ጠዋት ጠባቂዎቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ባዶ የድንጋይ ካባ፣ በተኩሱ ሜዳ፣ ተሰበሰቡ። ሣጥኑ ተከፈተ፣ እያንዳንዱ ሽጉጡን ተቀብሎ አጎረሰና አፎቱ ውስጥ ከተተ፣ ቁልፉን ቆለፈ። የመጋዘኑ አፎቶች የድሮ ሥራ ናቸው፤ ወፍራም ቆዳ፣ በሰውነት በኩል ያለው ጎን እስከ መዘውሩ በላይ ከፍ ያለ፣ በዓመታት ላብ ደርቆ የሽጉጡን ቅርጽ የያዘ። የያዘው ቅርጽ ግን የድሮውን ሽጉጥ ነው።

ልጁ ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆማ ነበር። ፋሽን ተራውን እየጠበቀ አጠገቧ መጣ።

“እህቴ፣ ለጋሼ ትልቁን ገጠምሽለት አሉ?”

“አዎ። ያንተን አይቼ ነው የተነሳሁት፣ እውነት ለመናገር። የኔ ግን ጠርዙ ይለያል።”

ፋሽን ሳቀ። አፎቱን በመዳፉ መታ አደረገ። “የኔንማ ሣጥን ከመግባቱ በፊት ራሴ ነቀልኩት።”

“ለምን?”

“ለፈተና? እብድ ነኝ እንዴ! ያ እኮ ለፎቶ ነው።”

ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል ስሙ ተጠራና ሮጠ። በሠላሳ አንድ ሰከንድ ጨረሰ። እሷ ግን አላየችውም። “ለፎቶ” ያላትን ቃል እያገላበጠች ነበር። ለምን ነቀለው? ምን አውቆ? ልትጠራው እጇን አነሳች። የሚቀጥለው ስም የአባቷ ነበር።

አባትየው ከመስመሩ ላይ ቆመ። ካፖርቱን አስተካከለ። ኃላፊው፣ አንገቱ ላይ ሰዓትና ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ የማንንም ፊት የማያይ ሰው፣ ነፋ።

እጁ ወረደ፣ ቁልፉን ፈታ፣ ሽጉጡን ወደ ላይ መዘዘ። በሰውነቱ በኩል ያለው ወፍራም ቆዳ ያቺን ሰፊ መግፊያ ያዛት። ሽጉጡ ወደ ላይ ሲወጣ እሷ ቆዳው ላይ ቀረች፣ ማለት ወደ አፈሙዙ ተገፋች፣ ማለት የተሠራችበትን ሥራ ሠራች። ሽጉጡ ከአፎቱ ሲወጣ መዘውሩ በጎን ተዘርግፎ ወጣ። አባትየው ምን እንደነካው ለማየት አፈሙዙን ቀና ሲያደርገው ስድስቱም ጥይቶች አንድ በአንድ ድንጋዩ ላይ ተንጠባጠቡ።

 ከኋላ አንዱ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!” አለ፤ ሳቁም ካባውን ሞላው።

አባትየው ተንበረከከ። ጥይቶቹን በግራ እጁ፣ በፍጥነት፣ አንዱንም ሳይስት ለቀመ። መዘውሩን በግራ አውራ ጣቱ አዙሮ ሞላ፣ ዘጋ፣ ቆመ። ከመጀመሪያው ስድስት አምስቱ ኢላማውን መቱ። ሁለተኛውን ሲሞላ ፊሽካው ተነፋ።

“ቀጣይ!” አለ ኃላፊው።

“ጌታዬ፣ ዕቃው ነው፤ እኔ አይደለሁም። ዕቃው...”

“ዕቃ የሚይዘው ሰው ነው። ቀጣይ!”

አባትየው ሽጉጡን ሣጥኑ ውስጥ መልሶ አስቀመጠ። ቀበቶውን ፈትቶ ከጎኑ አኖረ። በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ለልጁ “ፀሐዩ በርትቷል፣ ቤት ግቢ” አላት። 

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከአጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ቆዳው ማውራት ጀመረች፤ ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ርቀቱ፣ የመግፊያው ስፋት በሦስት ሚሊሜትር ቢጠብ ኖሮ ቆዳው እንደማይዘው። እስክትጨርስ ሰማት።

“ባለፈው ዓመት በሠላሳ ስድስት ነው የጨረስኩት” አላት።

“በዚያ ጣት?”

“በዚህ።” ግራ እጁን አነሳ። “ጣቴ መድረቅ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ሽጉጡን በቀኜ አጋድሜ በግራዬ እከፍታለሁ። መግፊያዋ በግራ ጎን አይደለች? እንደውም ይቀላል። የመጀመሪያው ዓመት አስቸገረኝ፤ ከዚያ ለመድኩት።”

ልጁ ሐሙስ ያቺ ግራ እጅ ወደ መግፊያው ስትመጣ ታያት። “አይ፣ አይ፣ አባዬ” ያለው የራሷ ድምፅ ተሰማት፤ ቀጭን፣ አስተማሪ መሳይ፣ የሚያስጠላ ድምፅ። ሃያ ስምንት ዓመት ሽጉጥ ለያዘ ሰው የሽጉጥ አከፋፈት! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ።” የተናገረው ለወቀሳ አልነበረም፤ ሰዓት ስንት ነው ሲባል እንደሚመልስ ሰው ነበር። “ደግሞስ እጅሽ ብረት ሲነካ አየሁ። ከመጣሽ ጀምሮ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የምታይው። ልሥራልህ ያለችኝን ልጅ አትሥሪ ልበላት?”

“ብትለኝ ይሻል ነበር።”

“ይሻል ነበር” አለ አባትየው። ተነሳና አውራ ጣቱን እያሻሸ ወደ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ወደ ሞረድ ሱቅ የሄደችው ልትሰደብ ነው። በመንገዷ ሁሉ ስድቡን ስታዘጋጅለት ነበር፤ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይለኛል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይለኛል፣ ማንኪያሽን ይዘሽ ወደመጣሽበት ይለኛል። ይበል። ይገባኛል።

በሩ ላይ ስትደርስ ምስማሩ የለም። የነበረበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ውስጥ ሞረድ ወፍራም የድሮ አፎት ሞርሳው ላይ አስሮ፣ የሌላ ሰው ሽጉጥ እያስገባ እያወጣ፣ እያስገባ እያወጣ ነው።

“ምስማሩስ?”

“ዝጎ ነበር” አለ ቀና ሳይል።

“አጎቴ...”

“ዝጎ ነበር ብያለሁ።” ሽጉጡን አንድ ጊዜ በኃይል መዘዘው፤ መዘውሩ አልተከፈተም። “ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ጠርዝ ተጨቃጨቅን። አንቺስ እሺ፣ የተማርሽ ነሽ፣ አይፈረድብሽም። እኔ ምን ሆኜ ነው? ሽጉጥ የሚኖረው እኮ አፎት ውስጥ ነው! ዓመቱን ሙሉ አፎት ውስጥ ነው የሚኖረው! ሰው ሰውን ሁልጊዜ ራቁቱን እያየ ልብስ ሊሰፋለት ይችላል?” ስቆ ሊጨርሰው ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። “ወንድም ጋሼ ምን አለ?”

“አልተቆጣኝም።”

“እሱ ነው የከፋው። ቢሳደብ ምናለበት።”

ኪሱ ውስጥ ገብቶ ትንሿን የድሮ መግፊያ አወጣና መዳፏ ላይ ጣለላት። ከጥፍሯ አትበልጥም። ጀርባዋ በሃያ አምስት ዓመት የቀኝ አውራ ጣት ተልጎ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል፤ በአንዱ ጠርዝ በኩል ደግሞ አዲስ ልግ አለ፣ የሦስት ዓመት፣ በግራ እጅ በኩል። ካሊፐር ይዛ ስትለካት የነበረች ሰው ይህን አላየችም። ሁሉም እዚያ ተጽፎ ነበር።

“ትልቁንስ?” አለች።

“ያስረከበው ሽጉጥ በሣጥን መጥቶልኝ ነቅዬዋለሁ። ውሰጂው፤ ሾርባ ሲኖር ይጠቅምሻል።”

ማንኪያውን አልወሰደችም። ትንሿን ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ የመጋዘኑን በር ማለፍ ነበረባት። አባቷ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የጭነት መኪና ሲመጣ ተነስቶ ሰንሰለቱን አወረደ። በግራ እጁ ነው ያወረደው፤ ዛሬ ታየቻት። ፋሽን የራሱን ማንኪያ ሽጉጡ ላይ መልሶ ገጥሞ በበሩ ሲገባ “ሰላም ጋሼ” አለው፤ አባቷም “ሰላም ልጄ” አለው። አባቷ እሷን አላያትም፣ ወይም እንዳላያት ሆነ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቁጭ ብላ ለኃላፊው መልእክት መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፤ ማዕዘን፣ ሚሊሜትር፣ የቆዳ ውፍረት፣ ሥዕል ሳይቀር ነበረው። አንብባው አፈረች፤ አሁንም ታስተምራለች። ሰረዘችው። ሁለተኛው ልመና ሆነ፣ እሱንም ሰረዘችው። ሦስተኛውን እንዲህ ብላ ላከችው።

“ጤና ይስጥልኝ። የትናንቱ ጥፋት የአባቴ አይደለም። ሳልጠይቀው ሽጉጡ ላይ የማይፈልገውን ነገር የገጠምኩት እኔ ነኝ። የድሮው መግፊያ እጄ ላይ ነው፤ ነገ ይገጠማል። ባለፈው ዓመት በሠላሳ ስድስት ሰከንድ አልፏል፣ መዝገብዎ ላይ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ ይፈተን። እባክዎ መቼ እንደሚመቸዎ ያሳውቁኝ።”

ከመልእክቱ ሥር ሁለት ጭረት ወጣ፣ ከዚያ ጭረቶቹ ሰማያዊ ሆኑ፤ አንብቦታል ማለት ነው። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። አንድ አውቶቡስ አለፋት፣ ሌላም አለፋት። ሰውየው መልስ አልጻፈም፤ በነጋታውም አልጻፈም፣ ከዚያም በኋላ አልጻፈም።